መሸሽ የሚያዋጣበት ጨዋታ፦ የድሮውን ሕግ በፍኖተ ሰላም ሞከርነው

«ጋሼ፣ በጨዋታ እንኳ ሰው ይሞታል እንዴ?»

የጠየቀችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ እህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ተቀምጠናል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤ መብራት የለም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሻማ፣ ሁለት የሉዶ ዳይስ፣ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀትና እርሳስ አለ። ስም አውጥታ፣ ጋሻና ጦር አስይዛ፣ ፀጉሯን ሹሩባ አድርጋ ወረቀት ላይ የሳለቻት ጀግና ከአምስት ደቂቃ በፊት በአንድ የጭራቅ ምት ሞታለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮባቢሊቲ አስተምራለሁ። ተማሪ ሲጠይቀኝ ብዙ ጊዜ መልስ አላጣም። ለዚህ ጥያቄ ግን ዝም አልኩ። በእኛ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ልጆች የተኩስን ድምፅ ከነጎድጓድ ለይተው ማወቅ ጀምረዋል። ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበት ጊዜም ነበር። እኔም ለእረፍት ስመጣ ይህን ጨዋታ ይዤ የመጣሁት ስልክም ኔትወርክም ስለማይፈልግ ነበር። ታዲያ የመጀመሪያው ምሽት ገና ሳያልቅ ልጅ አስለቀስኩ።

ይህ ጽሑፍ ለእሷ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። መልሱን ለማግኘት የድሮውንና የአዲሱን ሕግ ጎን ለጎን ማየት አለብን።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ስሙ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። በእ.ኤ.አ. 1974 አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሳተሙት። ገበጣ ጉድጓድና ጠጠር አለው፣ ሰንጠረዥም ሰሌዳ አለው፤ ይህኛው ግን የግድ ሰሌዳ አያስፈልገውም። አንዱ ተጫዋች ዳኛ ይሆናል፤ ዓለሙን በቃል ይስላል። «ዋሻ ፊት ቆማችኋል። ከውስጥ የሚሸት ነገር አለ። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሚና ይይዙና የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እንግዳ ነገር መሰላችሁ? እንቆቅልሽ ተጫውታችሁ ታውቁ የለም እንዴ? «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ?» ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ጎንደርን ወይም ቡሬን የተቀበለው ልጅ ያልረገጠው አገር ሄዶ ምን እንደበላ፣ በምን እንደጋለበ፣ ማን እንደሰገደለት እየፈጠረ ያወራል፤ አገር የሰጠውንም እየቀለደ ይሰድበዋል። ሰሌዳ የለው፣ ዋጋ የለው፣ ሕጉ ከሦስት መስመር አይበልጥም። የአሜሪካኖቹ ፈጠራ የዚህ ዓይነት ምናብ ላይ ዳይስና ሒሳብ መጨመሩ ነው።

ጨዋታው ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ወዲህ ብዙ ጊዜ ታድሷል። «የድሮ ሕግ» የምለው በተለይ በእ.ኤ.አ. 1981 የወጣውን ለጀማሪዎች የተዘጋጀ እትም ነው። «አዲሱ» ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2014 የወጣው አምስተኛው እትም ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተለያዩ አገሮች ያሉ ተጫዋቾች ወደ ድሮው ሕግ ተመልሰዋል፤ በ2019 የወጣው «ኦልድ ስኩል ኢሴንሺያልስ» የ1981ዱን ሕግ አስተካክሎና አጣርቶ ያቀርባል፤ መሠረታዊው ክፍልም በነጻ ይገኛል። እኔ የተጠቀምኩት እሱን ነው።

«ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ከየት አመጣህ?» ካላችሁ፣ አላመጣሁም። ከ1 እስከ 20 ቁጥር የጻፍንባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ኩባያ ውስጥ ከተን እያወጣን ተጫወትን። ይህ የድሃ ዘዴ እንዳይመስላችሁ፤ በእ.ኤ.አ. 1979 ዳይስ እጥረት ሲፈጠር አሳታሚው ራሱ በሳጥኑ ውስጥ ቁጥር የታተመባቸው ካርቶኖችን አድርጎ ሸጧል።

የድሮው ሕግ ጨካኝ ነው፤ ሒሳቡ ይመስክር

በድሮው ሕግ አዲስ ተዋጊ የሕይወት ነጥቡን የሚያገኘው ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ አንዴ ጥሎ ነው፤ በአማካይ 4.5። መሣሪያ ሲያገኘው ደግሞ ጉዳቱ በመሠረታዊው ሕግ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ነው። የእህቴ ልጅ ጀግና 4 ነጥብ ነበራት። አንድ ምት ካረፈባት 4፣ 5 ወይም 6 የመምጣቱ ዕድል ከስድስት ሦስት ነው። ማለትም በመጀመሪያው ምት የመሞቷ ነገር ሳንቲም እንደመጣል ነው። ዜሮ ሲደርስ ሞት ነው፤ ይግባኝ የለውም።

በአዲሱ ሕግ ዜሮ የደረሰ ሰው ይወድቃል እንጂ ወዲያው አይሞትም። በየተራው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ 10ና ከዚያ በላይ ከመጣ ተሳካለት ማለት ነው። ሦስት ውድቀት ሳይሞላ ሦስት ስኬት ካገኘ ይተርፋል። ብታሰሉት ማንም ባይረዳው እንኳ የመትረፍ ዕድሉ ወደ 60 በመቶ ነው። ሌሊት ተኝቶ ሲነሳ ደግሞ የሕይወት ነጥቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

እስኪ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ብቻ ያየ ሰው «አዲሱ ሕግ ለልጆች ይሻላል፣ አለቀ» ይላል። እኔም በዚያ ምሽት እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን አንድ ሕግ ለብቻው አይፈረድም። ሕግ ከሌላው ሕግ ጋር ተያይዞ ተጫዋቹን ወዴት እንደሚገፋው ነው መታየት ያለበት።

ጭራቁ ሁሉ ጠላት አይደለም

የድሮው ሕግ አንድ ትልቅ ጠባይ አለው፦ መዋጋት አያዋጣም።

አንደኛ፣ ነጥቡን እዩት። ተዋጊ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለማለፍ 2,000 የልምድ ነጥብ ያስፈልገዋል። ትንሽ ጭራቅ ማሸነፍ 5 ነጥብ ያስገኛል፤ ስለዚህ 400 ጭራቅ ሊገጥም ነው፤ በአንድ ምት ሊሞት የሚችል ሰው! በሌላ በኩል ከአደጋው ቦታ በሰላም የወጣ እያንዳንዱ የወርቅ ሳንቲም 1 ነጥብ ነው። ብልህ ተጫዋች ሒሳቡን ሲሠራ ጭራቁን ሳይነካ ሀብቱን ይዞ መውጣት እንደሚሻል ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ጭራቅ ስታገኙ ገና ሰይፍ ሳይመዘዝ ዳኛው ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ጥሎ የጭራቁን ሐሳብ ማወቅ ይችላል። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት ውጤት አለው። ድምሩ 2 ከመጣ ጭራቁ ወዲያው ያጠቃል፤ ይህ ከ36 አንዱ ብቻ ነው። ከ3 እስከ 5 ጠላትነት ያሳያል፣ ሊያጠቃም ይችላል፤ ከ36 ዘጠኙ። ከ6 እስከ 8 ግራ ይጋባል፤ ከ36 አሥራ ስድስቱ። ከ9 እስከ 11 አያጠቃም፣ ይሄዳል ወይም የምትሉትን ይሰማል፤ ዘጠኙ። 12 ከሆነ ወዳጅ ይሆናል። ደምሩት እንግዲህ፦ ከ36 ሃያ ስድስቱ፣ ማለትም 72 በመቶው፣ ለንግግር ወይም ለመለያየት ክፍት ነው።

ሦስተኛ፣ ጭራቆችም ይፈራሉ። «ወኔ» ብዬ የተረጎምኩት ሕግ አለ። ከመካከላቸው የመጀመሪያው ሲወድቅና ግማሾቹ ከጨዋታ ሲወጡ ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ ከወኔያቸው ቁጥር ከበለጠ ይሸሻሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። ወኔው 7 የሆነ ጭራቅ በአንድ ጊዜ የመሸሽ ዕድሉ ከ36 አሥራ አምስት ነው፤ ወደ 42 በመቶ። እስከ መጨረሻው ሰው መጨራረስ የግድ አይደለም።

እኔ በመጀመሪያው ምሽት የአቀባበሉን ዳይስ መጣል ረስቼ ነበር! ቀጥታ ጭራቁን አስመታሁት። ማለትም ያቺን ጀግና ሕጉ አልገደላትም። የገደልኳት እኔ ነኝ።

ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?

በሁለተኛው ምሽት አንድ ተጫዋች ተጨመረ። ከማንኩሳ ገባ ብሎ ካለ ገጠር መጥቶ ከእህቴ ቤት ጀርባ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው። ማንኩሳን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ያስታወሷት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች ቦታ ናት። ልጁ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ቅዳሜ አገሩ ሄዶ በሶና ዱቄት ተሸክሞ ይመለሳል። የእህቴ ትልቁ ልጅ «ክፍል ውስጥ አንድም ቀን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም» አለኝ።

ዋሻውን ከብር ወንዝ ማዶ አደረግኩት፤ ከእውነተኛው ቦታ የወሰድኩት ስሙን ብቻ ነው። የወርቅ ሳንቲሙንም በማርትሬዛ ብር ለወጥኩ። ውስጥ ስድስት ጭራቆችና አንድ ትልቅ ከረጢት ብር አለ። ትልቁ ልጅ «እንግባና እንግጠማቸው!» አለ። ያ ዝምተኛ ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ፣

«ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አላሰብኩበትም። ዳይስ ጣልኩ፤ ወደ ዋሻው ሳይሆን ወደ እነሱ ይነፍሳል ሆነ። «እንግዲያው እስኪመሽ እንጠብቅ፤ ነፋሱ ይዞራል» አለ። ሲዞር እርጥብ ኩበት አፉ ላይ አጨሰበት፤ ንብ እንደሚያጨስ ሰው። ጭራቆቹ እያሳሉ በሌላ ቀዳዳ ወጡ። በቅሎዋን ወደ ውስጥ እንዳስገባ ስጠይቀው ደግሞ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ የአውሬ ሽታ ከሸተታት ብትገድላትም አትገባም» አለ። እውነቱን ነው። ዳይስ ሳልጥል ተቀበልኩት።

ይህ የድሮው ሕግ ትልቁ ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ። በድሮው ሕግ «የአደን ችሎታ» ወይም «የማሳመን ችሎታ» የሚባል ቁጥር ወረቀታችሁ ላይ ብዙም አይገኝም። የምታውቁትን ትናገራላችሁ፤ አሳማኝ ከሆነ ይሠራል። ኩበት እንዴት እንደሚጨስ፣ ገመድ እንዴት እንደሚቋጠር፣ በቅሎ ምን እንደምትፈራ የሚያውቅ ልጅ እውቀቱ ዋጋ አለው። በትምህርት ቤት ፈተና ላይ ያልተጠየቀው ነገር እዚህ ሰው ያድናል።

በአራተኛው ምሽት ለማነፃፀር ብዬ ያንኑ ዓይነት ጨዋታ በአዲሱ ሕግ አጫወትኳቸው። ልጁ ስለ ጅብ ዱካ አንድ ብልህ ነገር ተናገረ። መጽሐፉ ላይ ለዚህ የተመደበ ችሎታ አለ፤ እኔም ወረቀት አስወጣሁት፤ 6 መጣ። «አልተሳካም» አልኩ። እሺ ብሎ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ እስክንጨርስ ብዙም አልተናገረም። የሚያውቀውን ነገር ኩባያ ውስጥ ያለ ወረቀት «አታውቀውም» አለው።

አራት ምሽትና ሦስት ልጅ ጥናት አይባልም፤ ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸውን ለራሴም ልንገር። ደግሞም ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አዲሱ ሕግ ዳኛው ሁልጊዜ ዳይስ ያስጥል አይልም። ግን ሕግ ልማድ ይፈጥራል። ወረቀቱ ላይ ቁጥር ካለ እጅ ወደ ኩባያው ይሄዳል።

ተጠየቅ! ዳኛውስ ማን ነው?

ሕግ ሲያንስ ፍርድ ይበዛል። ይህ ክርክር ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በፊት የነበረ ነው። በእ.ኤ.አ. 1824 የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትስ ለወታደሮች ማሠልጠኛ የሚሆን የጦርነት ጨዋታ አሳተመ፤ ሰንጠረዥና ስሌት የበዛበት ነበር። በ1876 ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ ሌላ መኮንን «ይህን ሁሉ ሰንጠረዥ ተዉት፤ ልምድ ያለው ዳኛ ይፍረድ» ብሎ ተነሳ። ዛሬም ተጫዋቾች በዚሁ ጉዳይ ይከራከራሉ።

ለእኛ አገር ሰው ግን ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በልሃ ልበልሃ የሚባለውን የድሮ ሙግት አስታውሱ። ተሟጋቾች ፊት ለፊት ቆመው «ተጠየቅ!» እየተባባሉ፣ በምሳሌ፣ በግጥም፣ በውርርድ ይከራከራሉ፤ ዳኛው የሁለቱንም አፍ ሰምቶ ይፈርዳል። መንገደኛ እንኳ ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። የቅኔ ቤቱም እንደዚያው ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያ ጠባብ አጥር ውስጥ ግን ተማሪው አዲስ ነገር ይፈጥራል፤ መምህሩም ያርመዋል ወይም ይቀበለዋል። ሕጉ ጥቂት መሆኑ ቀላል አያደርገውም።

ሕግ ደግሞ የሚያከብረውን ነገር ይነግረናል። የአገራችን ሰንጠረዥ ከዓለም አቀፉ ቼስ የተለየ የድሮ ሕግ ነበረው። ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ፤ «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ያበቃና ተራ በተራ ይሆናል። ማሸነፍ ብቻውንም አያስመሰግንም፤ በኃይለኛ ጠጠር ከማሸነፍ ይልቅ በደካማው ማሸነፍ ይከበር ነበር። ዛሬ ቼስ የምንጫወተው በአዲሱ ሕግ ነው፤ ነገር ግን እንዴት እንዳሸነፍክ መጠየቁ ቀርቷል።

የድሮ ሁሉ ወርቅ አይደለም

ለድሮው ሕግ ጠበቃ መሆኔን እያያችሁ ነው። ግን ተቃራኒውንም ልበል።

አንደኛ፣ ዳኛው ክፉ ወይም አድሏዊ ከሆነ ጨዋታው ይሞታል። ብዙ ሕግ ያለው ጨዋታ ተጫዋቹን ከዳኛ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ዓይን አፋርና ንግግር የሚከብደው ልጅ በአዲሱ ሕግ አንደበተ ርቱዕ ሰው ሆኖ መጫወት ይችላል፤ ዳይሱ ይናገርለታል። በድሮው ግን አፍ ያለው ሊያይል ይችላል። ሦስተኛ፣ በአንዳንድ የድሮ መጻሕፍት ውስጥ የማይረባ ነገር አለ። በእ.ኤ.አ. 1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ የሴት ገጸ ባሕርያት ጉልበት ከወንዶቹ ባነሰ ጣሪያ እንዲገደብ ይደነግግ ነበር። ዘንዶ ያለበትን ዓለም ፈጥሮ ጠንካራ ሴት ማሰብ ያቃተው ሰው የጻፈው ሕግ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «እና ማን ይሰማቸዋል?» አለች። ትክክል ናት፤ አልሰማናቸውም።

አንድ ሰው ስንት ብር ይመዝናል?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። በሦስተኛው ምሽት ብሩን ተሸክመው ሲወጡ የሸሹት ጭራቆች ተመልሰው መጡ፤ የትንሿ ልጅ አዲስ ጀግናም ወደቀች፤ ዜሮ። ሁሉም አዩኝ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ተነስታ ቆመች።

«ተጠየቅ ጋሼ! ተሸክመው ካወጧት ለምን ትሞታለች?»

ትልቁ ወንድሟ ተቃወመ። «ሕጉ ዜሮ ሞት ነው ይላል።» እሷ፣ «ሕጉ ዳኛው ይፍረድ ይላል!» ተሟገቱ። የድሮው ሕግ ክብደት ይቆጥራል፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ አሰላሁ። አንድ ማርትሬዛ ብር ወደ 28 ግራም ይመዝናል። ከረጢቱ ውስጥ 2,000 ብር አለ፤ 56 ኪሎ፣ ከግማሽ ኩንታል በላይ። ያ እንግዲህ አንድ ሰው ማለት ነው።

ፈረድኩ። «ትተርፋለች፤ ግን እሷን የተሸከመ ብሩን ይጥላል። ሁለቱን አንድ ላይ ማውጣት አይቻልም።»

2,000 ብር 2,000 ነጥብ ነው። ሦስት ምሽት ሙሉ የለፉበት ነው። ትልቁ ልጅ ከረጢቱን ተሸክሟል፤ ሻማውን እያየ ቆየ። ከዚያ፣ «ጣልኩት» አለ። ያ የገጠሩ ልጅ ጨመረ፦ «ጥሩ ነው። ጭራቆቹ ብሩን ለመልቀም ይቆማሉ።» የወኔውን ዳይስ እንኳ መጣል አላስፈለገኝም።

አዲሱ ሕግ ቢሆን ኖሮ ጀግናዋ 60 በመቶ ዕድል ነበራት፤ ጠዋትም ተነስታ ትሄድ ነበር። ማንም ምንም አይጥልም ነበር። ልጆቹ ያተረፏት ግን እነሱ መሆናቸውን አይረሱትም። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ አዎ፣ በጨዋታ ሰው ሊሞት ይችላል። ለዚህም ነው ጨዋታው መጀመሪያ ማናገርን፣ ቀጥሎ መሸሽን፣ ካልሆነም ተሸክሞ መውጣትን የሚያስተምረው። ሞት የሌለበት ውጊያ ውጊያን ርካሽ ያደርገዋል፤ ልጆቼ የመጀመሪያውን ያህል ለውጊያ የተጣደፉት በአራተኛው ምሽት፣ በአዲሱ ሕግ ነበር።

መሞከር ከፈለጋችሁ ሁለት ዳይስ፣ ወረቀትና ሦስት ጓደኛ ይበቃችኋል። የምታውቁትን ወንዝ፣ የምታውቁትን ገደል ዓለማችሁ አድርጉ። ዳኛ የሆነው ደግሞ የእኔን ስህተት አይድገም፤ ጭራቁን ከማስመታቱ በፊት ዳይሱን ጥሎ ምን እንደሚያስብ ይጠይቀው።